ላብ ያላየ ማሊያ

የላውንደሪዋን ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ካውያ ይላታል። ፊት ለፊቷ ግን ማንም አይደፍርም፤ እዚያ «እትዬ» ብቻ ነች። ስሙን ያወጣላት ባለታክሲው ነው። አንድ ቀን ሸሚዙን ሊወስድ መጥቶ «ኮሌታው አልጠራም» ብሎ ነገር ሲያነሳ፣ ከካውያዋ ቀና እንኳ ሳትል «አንገትህን ታጠብ፣ ኮሌታው ይከተላል» አለችው። በቃ፣ ካውያ ሆና ቀረች።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ መነጽር እሸጣለሁ። የሱቆቻችን የጋራ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ስታስል እሰማታለሁ፤ ሬዲዮዋን ስትከፍት የእኔን እዘጋለሁ። በዕድሜ ብዙ አንራራቅም፤ ሌላው ሁሉ አንቱ ሲላት እኔ አንቺ የምላትም ለዚህ ነው። ይህን ያህል ዘመን ጎን ለጎን ስንኖር ስለ እሷ የማውቀው ግን እፍኝ አይሞላም። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። አንዲት ልጇ ሌላ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። የስልኩን ንግግር በቃሌ ልወጣው እችላለሁ። «ደህና ነሽ? እኔም ደህና ነኝ። ልጆቹስ? እሰይ። በይ እንግዲህ፣ ሥራ አለብኝ።» እሁድ ምንም ሥራ የላትም።

የአንሶላውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ከሱቆቻችን ዝቅ ብሎ ያለው ፔንሲዮን አንሶላውን የሚያሳጥበው እሷ ጋ ነው። የድርብ አልጋ አንሶላ ደግሞ ለአንድ ሰው አይመችም፤ አንዱን ጫፍ ስትይዙ ሌላው መሬት ይጠርጋል። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝላት እሱ ነበር። ተኮራርፈው እንኳ ያጥፉ ነበር፤ ጫፍና ጫፍ ሲገናኝ ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ። እሱ ሲሞት ግድግዳው ላይ ሚስማር መታች። የአንሶላውን ጫፍ ሚስማሩ ላይ ታንጠለጥላለች፣ ወደ ኋላ ሄዳ ትወጥራለች፣ ከዚያ ወደ ሚስማሩ ትመለሳለች። እኔ ገብቼ ሳያት ምንም አይመስለኝም ነበር። መላ አገኘች ብዬ አልፋለሁ።

ከመንገዱ ማዶ አዳራሹ አለ፤ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን የሚጫወተው እዚያ ነው። ቡድኑ ይህን ያህል የሚያስኮራ አይደለም፤ እንሰድበዋለን፣ «ሁለተኛ እግሬን አላነሳም» ብለን እንምላለን፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ከሁሉ ቀድመን ቦታ እንይዛለን። ጨዋታ ሲያልቅ የምንሰበሰበው እትዬ ጋ ነው። ደንበኛ የሚጠብቅበት ረጅም አግዳሚ ወንበር አላት፣ የካውያው ሙቀት አለ፣ እሷም እየተነጫነጨች ዝም ትለናለች። ቋሚዎቹ ሦስት ነን፤ ባለታክሲው፣ ጡረታ የወጡት የስፖርት አስተማሪ (ቲቸር እንላቸዋለን) እና እኔ።

ያን ዓመት ክርክራችን ሁሉ ስለ አንድ ልጅ ነበር። ከሩቅ አገር ቤት የመጣ፣ ገና ሃያ ያልሞላው፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ቀጭን ልጅ። መሰላሉ አልነው። አሰልጣኙ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይተክለዋል፤ ውጤቱ ከታወቀ፣ ሰው ኮቱን መልበስ ከጀመረ በኋላ ያስገባዋል።

«ይሄ ልጅ ይጫወት!» ይላል ባለታክሲው፣ የመኪናውን ቁልፍ ጉልበቱ ላይ እየመታ። «እጁን አላያችሁም? ቆሞ ቀለበቱን ሊነካ ምን ቀረው? በዚያች ቅንጣት ጊዜ የተጋጣሚውን ግዙፍ ሰውዬ ኳስ አልመለሰበትም? ለምንድነው ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚያስገባው? መብራት ሊያጠፋለት ነው?»

«ቀስ» ይላሉ ቲቸር። «እጅ ብቻውን አይጫወትም። ቀለበቱ ሥር ሲገፉት እንደ ልብስ መስቀያ ነው የሚወዛወዘው። እግሩን ገና አልተከለም፤ ቅጣት ምት ሲመታ አላየኸውም? ዛሬ ከነዚያ ጎረምሶች ጋር ብታጋጨው ጉልበቱን ታሰብረዋለህ። ይቀመጥ፣ ይብላ፣ ይደግ።»

«ጋሼ፣ ወንበር ላይ የሚያድገው መቀመጫ ብቻ ነው።»

«አዎ፣ አንተ መቼም የታክሲ መሪ ይዘህ ተቀምጠህ ያደገብህን እናያለን» ይሉታል ቲቸር፣ ቦርጩን በዓይናቸው እየጠቆሙ። ባለታክሲው ቦርጩን በሁለት እጁ ይሸፍናል፣ እኛም እንስቃለን።

እኔ ስጠየቅ «በአንድ በኩል ልክ ነው፣ በሌላ በኩል ደግሞ…» ስል አያስጨርሱኝም። «ይሄ መነጽር ሻጭ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ሐሳብ ነው የሚያስገጥመው» ይላል ባለታክሲው። እትዬ ከጠረጴዛዋ ማዶ «ሦስት ሥራ ፈት አንድ ልጅ ስታስነሱና ስታስቀምጡ ትውላላችሁ፤ እግራችሁን አንሱልኝ፣ ልጥረግ» ትላለች። እግራችንን እናነሳለን፣ ክርክሩ ይቀጥላል። ስንሄድ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ትገፋዋለች። ሲጎተት ይሰማኛል፤ ከዚያ በኋላ ከዚያ ቤት የሚሰማ ነገር የለም።

በዚህ ቡድን አንድ ደንብ አለ፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ከጨዋታ በኋላ ማሊያዎቹን በትልቅ ከረጢት ተሸክሞ ላውንደሪ የሚያደርሰውና በማግስቱ የሚወስደው ከሁሉ ያነሰ የተጫወተው ነው። ያልደከመ ይሸከም ነው ነገሩ። አምበልም ይሁን አዲስ ገቢ፣ ደንብ ደንብ ነው። እንግዲህ ያን ዓመት ከረጢቱ የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ የመጣ ቀን እትዬ ከሚስማሩ ጋር አንሶላ እያጠፈች ነበር። እኔ ጨርቅ ልዋስ ገብቼ አይቻለሁ። ልጁ ከረጢቱን አስቀምጦ ትንሽ ቆሞ አያት።

«እርስዎ፣ ልያዝልዎት?»

«አንተ ደክሞህ የለ?»

«ምን ሠርቼ» አለ።

ጫፉን ከሚስማሩ አንስቶ ያዘ። እሱ ሲይዘው ታዲያ ከራሷ በላይ ወጣ፤ አንሶላው ከእሱ ወደ እሷ እንደ ጣሪያ ክዳን አዘቀዘቀ።

«ዝቅ አድርገው እንጂ! ባንዲራ ነው እንዴ የምንሰቅለው?»

ልጁ ጉልበቱን አጠፈ፣ ረሳው፣ እንደገና ቀጥ አለ። እሷ ሳቀች። እኔ የዚያች ሴት ሳቅ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፤ ከዕድሜዋ ያነሰ ሳቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ከረጢቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው አልሆነም። የፔንሲዮኑን አንሶላ ሆን ብላ ለእሱ ቀን ታቆይ ጀመር። ምሳ ታቆይለት ጀመር። ስለ እናቱ ያወራላታል፣ ስለ ታናናሽ እህቶቹ፣ አሰልጣኙ ሲጮህ ጆሮው እንዴት እንደሚቀላ። «ዝቅ አድርገው እንጂ!» የሚለውን በእያንዳንዱ አንሶላ እሰማዋለሁ፤ እኔም ሬዲዮዬን እዘጋለሁ። ከጊዜ በኋላ እሷ «ና አባቴ» ስትለው፣ እሱም እርስዎ ማለቱ ቀርቶ አንቺ ሲላት ሰማሁ። ማንም አንቺ በል አላለውም። ልጅ ለእናቱ እንደሚለው አለ፣ እሷም አቤት አለችው።

አንድ ቀን ሚስማሩ የፔንሲዮኑን አንሶላ ቀደደው፤ ልጁ ሳይመጣ ቸኩላ ለብቻዋ ስታጥፍ ነው። መሰላሉ ደርሶ ቀዳዳውን አየና ሚስማሩን በጣቱ ይዞ ወዲህ ወዲያ እያወዛወዘ ነቀለው። መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

«ምን ያደርግልሻል? ከእንግዲህ እኔ አለሁልሽ አይደል?»

ወጣት ሲናገር እንዲህ ነው፤ ቃሉ የሚከብድበት ትከሻ ያለ አይመስለውም። እሷም ሚስማሩን አልጣለችውም።

አሁን ወደ ማሊያው ልምጣ። የእሱ ቁጥር አሥራ አራት ነው። ከረጢቱ ሲፈታ የሌሎቹ ማሊያ ተጠምዝዞ፣ ርሶ፣ ለመያዝ የሚያስጠላ ሆኖ ይወጣል። አሥራ አራት ቁጥር ግን ደርቆ፣ ልጁ ራሱ በሄደበት እጥፋት መልሶ አጥፎት ይመለሳል። እትዬ የሥራ ሰው ነች፤ ንጹሕ ልብስ ማጠብ ሳሙና መድፋት ነው ብላ ለብቻው ለየት ታደርገዋለች፣ ካውያ ታስነካዋለች፣ ከታጠቡት ላይ ትደርበዋለች። በአሳቢነት ነበር፤ እጥፋቱንም ከሁሉ አሳምራ ነው የምታጥፈው።

ስህተቱ የታየው የውድድር ዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። ቡድኑ ተሰልፎ ወጣ፤ የሌሎቹ ሰማያዊ ከመታጠብ ብዛት ገርጥቷል፣ የመሰላሉ ብቻ ከሱቅ እንደወጣ ያብረቀርቃል። ከአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ እንኳ ሰው መለየት የሚችለው እሱን ብቻ ነው። ከላይ አንዱ «ሙሽራው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። ሌላው «እንዳይቆሽሽ ቀስ አድርጉት!» አለ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ሰውነቱን ለማሟሟቅ በተነሳ ቁጥር ሙሽራው፣ ሙሽራው። እኔ ከላይ አየሁት፤ ፎጣ አንስቶ ደረቱ ላይ አደረገ።

እሱ ለእትዬ አልነገራትም። የነገራት ባለታክሲው ነው፣ ለቀልድ ብሎ፣ እየተንከተከተ። እሷ ካውያውን አንስታ በያዘችበት ቀረች።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያላጠብኩት።»

ባለታክሲው ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ልጁ ከረጢቱን ሊወስድ ሲመጣ «አንዱ ቁልፍ ሊተከልበት ነው፣ ነገ ና» ብላ መለሰችው። የቅርጫት ኳስ ማሊያ ቁልፍ እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ፤ እሱ ግን ጨዋ ነው፣ እሺ ብሎ ሄደ። እሷ አሥራ አራት ቁጥርን ማሽን ውስጥ ለብቻው ከተተችው። አወጣችው፣ ጓሮ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው፣ ከሌሎቹ ጎን ይዛ አየችው፣ መልሳ ከተተችው። ከዚያ በእጇ ፈተገችው። ምንም ነገር ያልነካውን ማሊያ እንደ ቆሻሻ ሁሉ ስትፈትገው ዋለች። ቀለም የማየት ሥራ የኔ ነው ብላ መሰለኝ፣ በመጨረሻ ጠርታኝ «ለይተህ አውጣው» አለችኝ። ደርድራቸው ነበር። ቁጥሩን ሸፍናዋለች። አልለየሁትም።

«እሰይ» አለች፣ እጇ ተልጦ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አራት ቁጥር ላብ አየም አላየም ከሌሎቹ ጋር ይታጠባል። ሙሽራው የሚለው ጩኸትም እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ልጁ ለምን እንደጠፋ የጠየቀ አይመስለኝም።

እኛ አግዳሚው ላይ ክርክራችንን ቀጠልን። አንድ ከሰዓት ነገሩ በጣም ከረረ። ቡድኑ በሰፊ ልዩነት ተሸንፎ፣ መሰላሉ አንድም ጊዜ ሳይነሳ ቀርቶ ነበር። ባለታክሲው ደሙ ፈልቷል፤ «አሰልጣኙ ልጁን እየገደለው ነው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ያባርሩታል» ይላል። ቲቸር «ዛሬ ቢገባ ኖሮ የሽንፈቱ ስም በእሱ ይሆን ነበር፤ አሰልጣኙ ሸፈነው» ይላሉ። እኔ ገና «በአንድ በኩል» የሚለው ላይ ነበርኩ።

«በቃ፣ እትዬ ይፍረዱ!» አለ ባለታክሲው። «እርስዎ ያሉት ይሁን፣ ሁለተኛ አንነታረክም። ይጫወት ወይስ ይቀመጥ?»

እሷ የሸሚዝ እጅጌ እየተኮሰች ነበር። አጠገቧ የፔንሲዮኑ አንሶላ ተከምሯል፤ ልጁን ነው የሚጠብቀው። ወደ አንሶላው አየች። ከዚያ «ይቀመጥ» አለች። «ምን አስቸኮለው? ገና ነው፤ ምን ይችላል?»

ቲቸር እጃቸውን አጨበጨቡ። ባለታክሲው ግን ወደ በሩ ነበር የሚያየው። ዞር ስል መሰላሉ ከረጢቱን እንደተሸከመ ጎንበስ ብሎ በሩ ላይ ቆሟል።

ከረጢቱን አወረደ። «ሙሉ ነው፣ እርስዎ» አለ። «ነገ መጥቼ እወስዳለሁ።» ወጣ።

ካውያው እጅጌው ላይ ቆይቶ ኖሮ ሽታው ሲመጣ ነው ያነሳችው። ያን ሸሚዝ ለባለቤቱ ከኪሷ ተካችለት።

ሌሎቹ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ተናድጄባታለሁ፤ ልጁ ፊት ስላለች ብቻ ሳይሆን፣ ሐሳቧ እንዳልሆነ ስለማውቅ።

«ያን ማሊያ ስትፈትጊ የዋልሽ ሴት፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ከተጫወተ ከረጢቱን ሌላ ነው የሚያመጣው» አለችኝ።

ይኸው ነው። እኛ በዚያ ወንበር ላይ ስለ እጁ ርዝመትና ስለ ጉልበቱ አንድ ዓመት ስንጨቃጨቅ፣ የእሷ ጨዋታ ሌላ ነበር። ልጁ በተቀመጠ ቁጥር ይመጣላታል። በተጫወተ ቁጥር ይቀርባታል። እንዲጫወት እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ እጇ ተልጧል እኮ። ግን ያ አንሶላ ተከምሮ ሲጠየቅ አፏ ሌላውን አወጣ።

«ንገሪው እንግዲህ» አልኳት። «ሲመጣ እንዲህ በይው።»

«ምን ልበለው? ለብቻዬ እንዳልሆን ብዬ ወንበር ላይ አስቀመጥኩህ ልበለው?»

ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ልጁ ከዚያ በኋላም መጣ፤ ደንብ ነውና። ከረጢቱን በር ላይ ያስቀምጣል፣ «እንደምን ዋሉ» ይላል፣ በማግስቱም ከበር ላይ ያነሳል። ምሳውን «በልቻለሁ» ይላታል። እሷ ሊናገር ያሰበ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ እስክትጀምር እሱ መንገዱን ተሻግሯል። አንሶላውን መሬት እየጠረገባት፣ ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋች፣ በጥርሷ እየያዘች ታጥፍ ጀመር። ሚስማሩ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሚስማሩን መልሶ መምታት ለእሷ ልጁን በእጇ ማባረር መስሎ ሳይታያት አልቀረም። እኛም ሦስታችን ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ስለ ልጁ ማንሳት ተውን፤ ስለ ነዳጅና ስለ ዝናብ እያወራን ቶሎ ቶሎ እንነሳ ነበር። ለእሷ ደግሞ ያ ሌላ ቅጣት ሆነባት።

ከዚያ የቡድኑ ግዙፍ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱ ዞረበትና ከሜዳ በሁለት ሰው ተደግፎ ወጣ። አሰልጣኙ ተጠባባቂዎቹን አየ። ሌላ ረጅም ሰው የለውም።

ስለ ጨዋታው ብዙ አላወራም፤ ባለታክሲውን ብትጠይቁት እስከ ዛሬ ከነድምፁ ይተውንላችኋል። መሰላሉ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ቅጣት ምት ሳተ። ቲቸር «አላልኳችሁም!» ብለው ተነሱ። ከዚያ ግን ከቀለበቱ ሥር በገፉት ቁጥር እየተነሳ፣ ከተጋጣሚዎቹ ራስ በላይ ኳስ እየለቀመ፣ ወደ መጨረሻው ማንም የማይደርስበት ከፍታ ላይ ኳሱን ይዞ ቀለበቱ ውስጥ ጨመረው። አዳራሹ ተናጋ። ቲቸር መቀመጫቸው ላይ ቆመው ያፏጩ ነበር፤ ሰባ ዓመታቸው ነው።

እትዬ በዚያን ሰዓት የት እንደነበረች ኋላ ነገረችኝ። ሱቋ በር ላይ ቆማ ነበር። ወደ አዳራሹ ገብታ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልገባችም። ጩኸቱ ሲወጣ ለማን እንደሆነ ገባኝ አለች።

ከረጢቱን ያመጣው አንድ አጭር ተከላካይ ነው። «ከረጢት!» ብሎ በር ላይ ወርውሮት ሮጠ። እትዬ ፈታችው። ሁልጊዜ አሥራ አራት ቁጥር ከላይ ነበር የሚገኘው፣ እንደታጠፈ። አሁን እጇን እስከ ክርኗ ከትታ መፈለግ ነበረባት። ከታች፣ ከሌሎቹ ጋር ተጠምዝዞ፣ ከብዶ ወጣ።

«ይሄን አየህልኝ?» አለችኝ። «ይንጠባጠባል እኮ! ይሸታል!» አሸተተችውና ሳቀች፣ ያንን ከዕድሜዋ ያነሰውን ሳቅ። ከዚያ እኛ የምንቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ ማሊያውን ጭኗ ላይ አድርጋ። ቀሚሷን አራሰው። ደስ ብሏት ነበር፣ እያለቀሰችም ነበር። እኔ አንዱን ለማባበል ስል ሌላውን እንዳልነካ ፈርቼ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ከረጢቱ ወደ እሱ አልተመለሰም። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ ከትልቅ ከተማ ትልቅ ክለብ መጥቶ ወሰደው። ባለታክሲው «ብያችሁ ነበር» አለ። ቲቸር «አዎ፣ የተቀመጠው ጠቅሞት ነው» አሉ። ሁለቱም አሸነፉ፤ የተሸነፈው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

የሚሄድበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የክለቡ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ከደጃችን ቆመ። መሰላሉ ወርዶ ጎንበስ ብሎ ገባ። እኔ የእትዬን መነጽር ብሎን አጥብቄላት እዚያው ነበርኩ። ልጁ በእጁ ሰማያዊ ማሊያ ይዟል።

«ማስታወሻ ብለው ሰጡኝ» አለ። ለማን እንደሚናገር ያላወቀ ይመስል ነበር። «ትናንት ሁሉም አንድ ላይ ተዘርግተው አየሁ። ቀለማቸው አንድ ነው።»

እሷ መነጽሯን በቀሚሷ ጠረገች።

«እኔ ዓመቱን ከሞላ ጎደል ላብ አላስነካሁትም። ያኔ ደግሞ… ያኔ ሲስቁብኝ እንደ አዲስ ነበር። ማነው እንዲህ ያገረጣው?»

«ፀሐይ ነው» አለች።

«ፀሐይ» አለ ልጁ። ማሊያውን አገላበጠው፤ ብብቱ ሥር ጨርቁ ከመፈተግ ብዛት ሳስቷል። ፀሐይ እዚያ አይደርስም። «ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሽ?»

አንቺ አላት። እሷም ሰማችው፤ ፊቷ ላይ አይቻለሁ።

«ከተጫወትክ አትመጣም» አለች። «ለራሴ ብዬ ነው፣ አባቴ። አንተማ ትችላለህ። መቼ አጣሁት?»

ደጅ መኪናው ጡሩምባ ነፋ። እሱ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ከተከመረው አንድ አንሶላ አነሳ፣ ጫፉን ወረወረላት፣ የራሱን ይዞ እስከ ግድግዳው አፈገፈገ። እንደ ልማዱ ከፍ አድርጎ ያዘው። አንሶላው አዘቀዘቀ። እሷ ዝቅ አድርገው አላለችውም። አጠፉት፣ ደግመው አጠፉት፣ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጉንጯን ሳማት።

«እደውላለሁ፣ እሁድ እሁድ።»

«ደውል» አለች።

መኪናው ሲሄድ እስከ መታጠፊያው ቆማ አየችው። ስትገባ «መዶሻ አለህ?» አለችኝ።

መዶሻውን አምጥቼ «እኔ ልያዝልሽ እንጂ፣ እዚሁ አይደለሁ?» አልኳት። የምሬን ነበር።

«አንተ ጫፉን ይዘህ በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል ስትል ይመሻል» አለች። ቀልዷ ነበር፤ ግን መዶሻውን እንጂ እጄን አልተቀበለችም።

ሚስማሩን ከመስኮቱ ጠርዝ አነሳች። የድሮው ቀዳዳ ግድግዳው ላይ ከትከሻዋ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። እሷ ግን ያን ትታ በርጩማ ጎተተች፣ ላዩ ላይ ወጣች፣ እጇን ዘርግታ ከራሷ በላይ፣ ከእኔም ራስ በላይ፣ እዚያ መታችው።

«በጣም ከፍ አላለም? ቆመሽ እንዴት ትደርሺበታለሽ?»

«እደርሳለሁ።»

ወረደች። አንሶላ አነሳች፣ በእግር ጣቶቿ ቆማ ጫፉን እንደምንም ሰቀለች፣ ወደ ኋላ ሄዳ ወጠረችው። አንሶላው ከላይ ወደ እሷ አዘቀዘቀ። ትንሽ ቆማ አየችው።

«ዝቅ አድርገው እንጂ» አለች፣ ወደ ግድግዳው።

እኔ መዶሻዬን ይዤ ወጣሁ። ሱቄ ገብቼ ሬዲዮዬን ዘጋሁ።